ቁጥር ያልተጻፈበት የፍየሏ ሥዕል

ውድ ፈርዶውሳ፣

የጤናሽን ነገር በኋላ እጠይቅሻለሁ፤ አሁን ልቤ አልረጋ ብሎኛል። ስልክሽ ይጠራል፣ ማንም አያነሳውም። የላክሁልሽን መልእክት አይተሽዋል፣ አትመልሺም። ስለዚህ ወደ ድንበር ከተማሽ ወደ ደወሌ ዕቃ በመኪና የሚያመላልሰው ጉሃድ እሑድ ጠዋት ሲነሳ ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ ይመጣል። «ከእጇ ካላደረስከው ጅጅጋ እንዳትመለስ» ብዬዋለሁ። ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ እሱ ምን አለበት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናትሽ ከቀብሪበያ መጥታ የፍየሏን ሥዕልሽን ታያለች። በኪስ ታጥፋ የምትዞረዋን ትንሿን ገጽ ማለቴ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ፣ ለጥናቴ ዐውደ ርእይ ሰው በሚያክል መጠን ታትማ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዛ። እናትሽን የጋበዝኳት እኔ አይደለሁም፤ አማካሪዬ ዶክተር ዐብዲናስር ናቸው። «ሠዓሊዋ ካልመጣች እናቷ የክብር እንግዳችን ትሁን» አሉና በዘመድ በኩል ላኩባት። በዚህም አላበቁም። ከየሥዕሉ ሥር ቁጥር ይጻፍበት፣ በመሀሉም ቀስት ይደረግበት ብለዋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከአንድ እስከ ስድስት። ያ ቁጥር ከተጻፈ እናትሽ ያልነገርሻትን ነገር ከግድግዳው ላይ ታነበዋለች። ወንድምሽ ዐያንሌ እንደማይመለስ፣ የገዛ ልጇን ሞት፣ በሰው ፊት፣ በእኔ ጥናት ምክንያት ልታውቅ ነው። እንዴት ብዬ ቁጭ ልበል?

ከቤት እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ብዕር አነሳለሁ፣ እጥላለሁ። ግራ ቢገባኝ ነው ከመጀመሪያው የምነግርሽ፤ ዝም ብለሽ ስሚኝ።

የማስተርስ ጥናቴን በሥዕል ታሪኮች ላይ ነው የምሠራው ያልኩ ቀን ያልሳቀብኝ መምህር የለም። አንዱማ «ካርቱን ነው? ለልጆቼ ትልኪልኛለሽ» ብሎኝ ሄደ። ዶክተር ዐብዲናስር ብቻ አልሳቁም። «ሰው በአደባባይ መናገር የፈራውን በሥዕል ይስቅበታል። የሚስቅበትን ሰብስበሽ አምጪልኝ» አሉኝ። ሰበሰብኩ። የጤና ጣቢያ የክትባት ሥዕሎች፣ በኮሮና ጊዜ በየሱቁ በር የተለጠፉት፣ ለምርጫ ትምህርት የታደሉት፣ ሰው በስልክ የሚላላካቸው ቀልዶች፣ አንድም አልቀረኝ። ዕቃ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ሥዕል ካየሁ ከሰው እጅ እስከ መንጠቅ ደረስኩ።

ከሁሉ ያሳቀኝ አውበሬ ነው። የስደተኞች መጠለያ ጣቢያው ውስጥ እጅ መታጠብን የሚያስተምር ሥዕል ተለጥፏል። መጀመሪያ ሆዱን ይዞ የሚያለቅስ ልጅ፣ ቀጥሎ እጁን የሚታጠብ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ የሚስቅ ልጅ። ወደ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ይህ ሥዕል ምን ይላል?» አልኳቸው። ዐይናቸውን ከቀኝ አንስተው ወደ ግራ ሄዱና «ልጁ ደህና ነበር። ታጠበ። ታመመ» አሉኝ። «ውሃው ልክ አይደለም ብለን ተናግረን ነበር እኮ!» ለካ ዱግሲ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ተምሮ ያደገ ሰው ሥዕልንም የሚያነበው እንደ ቁርኣኑ ከቀኝ ነው። እየሳቅኩ ምዕራፍ ሦስት ላይ «የንባብ አቅጣጫ» ብዬ ጻፍኩትና አለፍኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔም አልጠረጠርኩም።

ያንቺን ገጽ ምዕራፍ አምስት አደረግኳት። ስለ ፍየሏ ላንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን እኔ እንዴት እንዳነበብኳት እንድታውቂ ልድገመው። ዓመተ ምሕረቱ 2010 ነው፤ ዐያንሌ ታስሮ ተወስዶ የት እንዳለ ያልታወቀበት ጊዜ። በቦጋለች ፎቶኮፒ ቤት እኔ የአማርኛውን ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አንቺ የሶማሊኛውን። ሰው ሲቀንስ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ትሥያለሽ። አንድ ቀን ስድስት ሳጥን አሰመርሽ። በግራ ጫፍ ሴትዮ ከፐርሙስ ለልጇ ሻህ ትቀዳለች። ቀጥሎ ልጁ ወረቀት ይዞ መንገድ ላይ ነው። ቀጥሎ ቢሮ፤ ከወረቀት ክምር ኋላ የሹሙ እጅ ብቻ ይታያል። ቀጥሎ ፍየሏ፤ የልጁ ወረቀት ግማሹ አፏ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ውጭ። ቀጥሎ ልጁ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ቆሟል። በቀኝ ጫፍ የተዘጋ በር፤ ከበሩ ሥር የልጁ ጫማ። ቃል የሚባል ነገር አንድም የለበትም።

ቦጋለች ሳታየን ጥቂት ቅጂ አነሳን፤ ቀሪውን ከተማው ራሱ አባዛው። ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ «አደራ፣ ፍየሏ እንዳትበላብኝ» ማለት ጀመረ። የክልሉ አስተዳደር ሲለወጥ ደግሞ ተደብቃ የኖረችው ገጽ በየሱቁ መስታወት ላይ በግላጭ ተለጠፈች። እኔም በጥናቴ ፍየሏን የቢሮክራሲ ምልክት አደረግኳት። ቃል ያልጻፍሽው ሳንሱር ፈርተሽ ነው አልኩ። ይባስ ብዬ «ሠዓሊዋ ሰውን ከጎን መሣል ስለማትችል ገጸ ባሕርይው በሁሉም ሳጥን ውስጥ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ይህ የሥልጠና እጥረት ነው» ብዬ ጻፍኩብሽ። ዶክተር ዐብዲናስር «ድንቅ ትችት» ብለው አሰመሩበት። ቆይ፣ አትሳቂ ገና።

ያኔ በሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲናጥ፣ እንደ እኛ ሶማሌ ያልሆነ ሰው ሲሳደድ፣ እናቴና እኔ የተጠለልነው እናትሽ የሆዮ ሉል መኝታ ክፍል ነው። እሷ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ፣ ለጠየቃት ሁሉ «ልጆቼ ተኝተዋል» ስትል በግድግዳው በኩል እሰማት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ራሴ እናት «ሆዮ» እያልኩ «አንቺ» እላታለሁ፤ አንድም ቀን አልከፋትም። ከዚያም የታሰሩት መፈታት ጀመሩ። የየሰፈሩ ልጅ እልል እየተባለለት ሲገባ የእናንተን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። አንድ ከእስር የወጣ፣ ከስቶ ያለቀ ሰውዬ ፎቶኮፒ ቤት መጥቶ ወደ ጎን ጠራሽ። «ዐያንሌን አትጠብቁ፤ ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ» አለሽ። ማሽኑን ሳታጠፊ ወጣሽ። ለእኔ ብቻ ነገርሽኝ፤ «ለሆዮ ብትነግሪ፣ ዋላሂ፣ አልምርሽም» አልሽኝ።

አልነገርኩም። እሷም በየቀኑ የከሰዓቱን ጸሎት፣ አስር ሰላትን፣ ከሰገደች በኋላ ከራሷ ብርጭቆ ጎን ሌላ ብርጭቆ ሻህ እየቀዳች አስቀመጠች። አንቺ ያንን ብርጭቆ ማየት አቃተሽ። «ደወሌ ትራንዚተር ቢሮ ሥራ አግኝቻለሁ» ብለሽ ሄድሽ። በስልክ «ዐያንሌ መቼ ይመጣል?» ስትልሽ ስልክ ማንሳቱንም ተውሽው። እሷም ቀብሪበያ እህቷ ዘንድ ገባች። ያኔ አልፈረድኩብሽም፤ አሁን ግን ትንሽ እፈርድብሻለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሥዕሏን ለማሳተም ፈቃድ ልጠይቅ ቀብሪበያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ፍየል አብረውኝ ተሳፍረዋል፤ አንዷ ጥናቴን ያየች ይመስል ቦርሳዬን ማሽተት አላቆመችም። ሆዮ ሉል ስሜ ጠፍቷት አያውቅም፤ ግን የሶማሌ እናት ልጇን በራሷ መጠሪያ እንደምትጠራው፣ እንደ ልማዷ «ሆዮ» ብላ ሳመችኝ። ገጿን ከመስተዋቱ ጎን ነቅላ ጉልበቷ ላይ አደረገቻት። እኔ ምሁሯ ጣቴን ሻሁ ላይ አሳርፌ «እንግዲህ ከዚህ ስንጀምር…» ማለት።

እጄን ያዘችኝ። «ከዚያ አይደለም፣ ሆዮ» አለች። ጣቴን ይዛ ወደ ቀኝ ጫፍ ወሰደችውና ጫማው ላይ አሳረፈችው። «ቢስሚላሂ። ልጄ ውስጥ ነው፤ ጫማው ይሄው። በሩን ከፈቱለት፣ ወጣ። ፍየሏ ወረቀቱን መለሰችለት፤ አየሽ፣ እያወጣች ነው። ሹሙ በእጁ ሂድ አለው። መንገድ ላይ ነው። ቤት ገባ። እኔ ሻህ እቀዳለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ፈርዶውሳ ለእኔ ነው የሣለችው። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ነው የሚስቀው።»

ያኔ ገባኝ። ፊት ለፊት ያቆምሽው ከጎን መሣል አቅቶሽ አይደለም። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከዞረ መንገዱ አንድ ብቻ ይሆናል። ቃል ያልጻፍሽው ፈርተሽ አይደለም፤ ፊደል ራሱ ከየት እንደሚጀመር ይናገራል። ፍየሏም ትብላ ትመልስ እንዳይታወቅ ነው ወረቀቱን ግማሽ ላይ ያቆምሽው። ለከተማው የሚወሰድ ልጅ ሣልሽ፤ ለእናትሽ በዚያው ገጽ የሚመለስ ልጅ። አንቺ ክፉ! አጠገብሽ ተቀምጬ ስኳር ለሁለት የምንካፈል ጓደኛሽ ነበርኩ፤ እንዴት አንድ ቃል ትነፍጊኛለሽ? በሚኒባሱ ስመለስ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው ልል ነበር፤ ውሸት ነው። ኮርቼብሽ ነው።

አሁን ችግሩ ይሄው ነው። ለዶክተር ዐብዲናስር ቁጥሩ ይቅር ለማለት ምክንያት ያስፈልገኛል፤ ምክንያቱን ከተናገርኩ ደግሞ ያንቺን ምስጢር አወጣሁ። ነገ አነጋግራቸዋለሁ። ምን እንደምል ገና አላወቅሁም።

*

አርብ ከሰዓት ነው። ቢሯቸው ስገባ የተሠሩትን ቁጥሮች ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋቸዋል፤ ቀይ ናቸው፣ ትልልቅ።

«ቁጥር አንፈልግም» አልኳቸው፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

«ሩቲ፣ ቁጥር የሌለው ሥዕል ማስረጃ አይሆንም። ሰኞ ዲፌንስሽ ላይ ፈታኙ ከየት እንደሚጀመር ካላወቀ ምኑን ይጠይቅሻል?»

«ያንን ይጠይቀኝ። ከየት ይጀመራል ብሎ ይጠይቀኝ።» የአውበሬውን ሽማግሌ አነሳሁ። ምዕራፍ ሦስት ላይ የጻፍነውን በቀስት ልናፈርሰው ነው ወይ አልኳቸው። ስለ ዐያንሌ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ በእናቴ እምላለሁ።

«ታዲያ ምዕራፍ አምስትሽ?»

«ስህተት ነው። አወጣዋለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ካወጣሽው ሰኞ ዲፌንስ የለም፤ ለመጪው ዓመት ያልፋል። እዚህ የተያዘልሽን የመምህርነት ቦታም ለሌላ ይሰጡታል። ይህን አስበሽበታል?»

አስቤበታለሁ አልኳቸው። ውሸቴን ነበር፤ ያሰብኩት ያኔ እዚያው ቆሜ ነው። ያ ቦታ እንዴት እንደሚያስፈልገኝ ታውቂያለሽ፤ እናቴ ገና ካሁኑ ለጎረቤት ሁሉ «መምህርቷ ልጄ» ማለት ጀምራለች። ግን ወደ ኋላ አላልኩም።

ዶክተር ዐብዲናስር ገጿን አነሱ። ከዚያ ጣታቸው በቀኝ ጫፍ፣ ጫማው ላይ አረፈ። ቀስ እያለ ወደ ግራ ሲሄድ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሻሁ ጋ ደረሱ። «እኔም እኮ ዱግሲ ነው ያደግሁት» አሉ በመጨረሻ። «ትምህርት ቤት ስገባ ዐይኔን አዞሩት። እንዴት ረሳሁት?» ቁጥሮቹን ሰብስበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። ምዕራፉን ግን እንደገና ጽፈሽ አምጪ አሉኝ፤ ቦታውም መቼም ሄደ።

አዳራሹ ሁለት በር አለው። የግራውን ዘግቼ ወንበር አስደግፌበት ወጣሁ። እናትሽ በቀኙ በር ብቻ ትገባለች።

*

ቅዳሜ ከሰዓት። እየተጣደፍኩ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ።

በሩን መዝጋቴ ምንም አልጠቀመኝም። ተማሪዎቹ በቀኝ በር ገብተው እየተንጋጉ ወደ ግራ ጫፍ ሄዱና ከዚያ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹና እናቶቹ እበሩ አጠገብ ካለው ጫማ ጀመሩ። መሀል ላይ፣ ፍየሏ ፊት ለፊት ተገናኙ። «በላችው!» ይላል አንዱ። «መለሰችው እንጂ! ዐይንህ የት ነው?» ይላሉ አንዱ ሽማግሌ በከዘራቸው እያሳዩ። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። ለምርምሬ ከዚህ የተሻለ ቀን አልነበረም፤ እኔ ግን አንዱንም አልጻፍኩም፤ ዐይኔ በሩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

እናትሽ ገባች። ብርቱካናማ ሻሿን አድርጋለች፤ ያንን አንቺ የላክሽላትን። ክንዷን ይዤ ከጫማው አስጀመርኳት። ቀስ ብላ ሄደች፤ በሩ፣ ኮሪደሩ፣ ፍየሏ፣ ሹሙ፣ መንገዱ። ሻሁ ጋ ስትደርስ ሳቀች። «ፐርሙሴን አየሽው? ክዳኑ የተሰበረውን እንኳ አልረሳችም!» አለች። እፎይ አልኩ። «ነዪ ሆዮ፣ አሁን ቁጭ በዪ» ብዬ ወንበር ልሰጣት ስል ክንዷን ከእጄ አወጣችና ዞረች።

ተመልሳ መሄድ ጀመረች። ከሻሁ ተነስታ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ሹሙ። «ሆዮ፣ አንዴ አየሽው እኮ» አልኳት፤ «ቆዪ» አለችኝ። ፍየሏን አለፈች። ኮሪደሩን አለፈች። የተዘጋው በር ፊት ቆመችና መዳፏን ጫማው ላይ አደረገች።

«ይህን ጫማ የገዛሁለት እኔ ነኝ» አለች። «ጠብቦት ነበር፣ ግን ደስ ስላለው ዝም አለኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «በዚህ በኩልም መንገድ መኖሩን አውቃለሁ፣ ሆዮ። ካወቅሁት ቆይቷል» አለች።

ክንዷን መልሼ ያዝኩ።

«ያ ከእስር የተፈታው ሰውዬ መጀመሪያ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። ለፈርዶውሳ እንዳትነግራት ብዬ ለመንኩት። አንድ ወንድም ነው ያላት፣ ትሰበርብኛለች አልኩት። እሱም አልቻለም መሰለኝ፤ ነገራት። ከሥራ ስትገባ ፊቷን አየሁና አወቅሁ። ግን እሷ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ‹መቼ ይመጣል› እላት የነበረው ሆዮ ተስፋ አላት ብላ እንድትበረታ ነው። አላበረታኋትም። ሸሸችኝ።»

«ሥዕሉስ?» አልኳት።

«ጉልበቴ የሚችል ቀን ከዚያ፣ ከሻሁ ጀምሬ አየዋለሁ። የማይችል ቀን ከዚህ፣ ከጫማው። ልጄ ሁለቱንም አስቀመጠችልኝ። ዋሸችኝ ብላ ከሆነ የምትፈራው፣ አልዋሸችኝም በያት።»

ፈርዶውሳ፣ አለቀስኩ፤ ያም በተማሪዎቹ ፊት። እሷ አላለቀሰችም። በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። እኔ ደግሞ ሞኝ ሆኜ የዚያን ብርጭቆ ነገር አነሳሁባት፤ በየቀኑ ለዐያንሌ የምትቀጂውስ ታዲያ ምንድን ነው አልኳት።

«መጀመሪያ የእሱ ነበር» አለች። «ደወሌ ከሄደች ወዲህ የእሷ ነው።»

ላንቺ የላከችው መልእክት አንድ ቃል ነው። ሦስቴ አስደገመችኝ፣ በሶማሊኛ በትክክል ማለቴን እስክታምን ድረስ፤ «ካሌ በያት» አለችኝ። ነዪ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እኔ ግን እጨምራለሁ። አንቺ እዚያ ድንበር ላይ ተቀምጠሽ የሰው ዕቃ ስታስገቢ ስታስወጪ ዓመታት አለፉ፤ የራስሽ እግር ግን ከዚያች ከተማ አልወጣም። የምትሸሺው ነገር አልነበረም። ሁለታችሁም አንድ ሬሳ ከሁለት ጫፍ ተሸክማችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ብቻዬን ነኝ ትላላችሁ። ምዕራፍ አምስትን ብቻዬን አልጽፈውም፤ ጎኔ ተቀምጠሽ የተሳሳትኩትን እያረምሽ ነው የምጽፈው። ሰውን ከጎን መሣል አትችልም ያልኩትንም ፊትሽ ላይ እሰርዘዋለሁ።

ጉሃድ ማክሰኞ ይመለሳል። ከጋቢናው አንድ ቦታ እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ፤ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥም አስምዬዋለሁ። ረቡዕ አስር ሰላት ላይ ቀብሪበያ ነኝ፤ ሆዮ ሉል ስትቀዳ አያለሁ። ብርጭቆው ፊት ሰው ተቀምጦ ባይ ይሻለኛል።

እህትሽ ሩቲ
ጅጅጋ